አሥረኛው ፉርጎ

ጂንካ ባቡር ገብቶባት አያውቅም። ቢሆንም በ1976 ዓ.ም. እኛ ቤት አንድ ባቡር ከጥር እስከ ሰኔ ቆሞ ነበር፤ ከዋንዛ የተሠራ፣ ባለ አሥር ፉርጎ፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ከክንዴ የማይበልጥ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በከተማው ባቡር ሲባል ሰው የሚያውቀው የሐቢብን የእህል ወፍጮ ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥ «አባቴ ባቡር እየሠራ ነው» ስል ዶላሞ የሚባለው ልጅ «ታዲያ ዱቄቱ የት አለ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪውም ሳቀ።

አባቴ ደምሰው ድሬዳዋ፣ ሸሚንደፈር በሚባለው የባቡር ኩባንያ፣ አሥራ አንድ ዓመት የፉርጎ ቀለም ቀቢ ነበር። ጂንካ የመጣው ትምህርት ቤት ሲሠራ በርና መስኮት ሊገጥም ነው፤ ሥራው አለቀ፣ እሱ ቀረ። ሲመጣ አንድ የመሣሪያ ሳጥንና እናቱ የሞተችበትን ልጁን ተገኝን ይዞ ነበር። እዚህ እናቴን ሣራን አገባ። እናቴ የአሪ ልጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው በመዝሙር ስለሆነ ስትቆጣ እንኳ የምትዘምር ትመስላለች። እኔ የተወለድኩት አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። ይህንን በየስብሰባው ያነሱብኝ ነበር፤ እኔ ያፈነዳሁት ይመስል።

ትእዛዙን ያመጣው ጓድ ንጉሤ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር፤ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው።

«ጓድ ደምሰው፣ አብዮት ባቡር ነው!» አለ ደጃፋችን ላይ ቆሞ።

«ስፋቱ ስንት ነው?» አለ አባቴ።

«አልገባህም። ወደ ፊት ብቻ የሚገሰግስ ባቡር ነው።»

«እሱስ ገባኝ። ስፋቱን ንገረኝና እንጨት ልቁረጥ።»

ከብዙ ንግግር በኋላ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ለእያንዳንዱ የአብዮት ዓመት አንድ ፉርጎ፣ ጎኑ ላይ ዓመቱ የተጻፈበት፤ የመጀመሪያው 1967፣ የመጨረሻው 1976። ባቡሩ አርባ ምንጭ ሄዶ ከሌሎች አውራጃዎች ሥራ ጋር ይወዳደራል። አባቴ እጁን ከመጋዝ ብናኝ አራግፎ ተናገረ።

«የፉርጎ ቀለም ሰባት እጅ ነው። ከሰባት ያነሰ እኔ አልቀባም። ረዳት ያስፈልገኛል።»

«ውሰዳ።»

«ልጄን ነው የምፈልገው። ተገኝን። በወረቀት።»

ጓድ ንጉሤ አባቴን ትንሽ አየው። ከዚያ የሚጽፈውን እስክሪብቶ ፈለገ።

ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት መጣና ከመላጊያው ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ተገኝ ደምሰው ለበዓሉ የተያዘው የባቡር ሥራ እስኪጠናቀቅ ድረስ ከማንኛውም ምልመላ እንዲቆይ ይላል። ዛሬ ይህንን የሚያነብ ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለው ወንድ ለብሔራዊ ውትድርና የሚለቀምበት ዓመት ነበር፤ ወደ ሰሜን ነው የሚሄዱት፤ ተገኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባቡሩ እስካላለቀ ድረስ አይነካም።

እኔ ግን ወረቀቱን ያነበብኩት ተገኝን እያየሁ ነው። ከጥር በፊት ተገኝ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ማታ ድረስ አውሮፕላን ሜዳው ሣር ላይ ኳስ ሲራገጥ የሚውል ልጅ ነበር። ከወረቀቱ በኋላ ከአጥር ውጪ እግሩን አላነሣም። ጓደኞቹ ከአጥሩ ማዶ ያፏጩለታል፣ አባቴ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ተገኝ ወደ ፉርጎው ይመለሳል። ስለዚህ እኔ የገባኝ ወንድሜ የባቡሩ እስረኛ መሆኑ ነው። ባቡሩ ሲያልቅ ይፈታል። የአባቴም ጥፋት ታየኝ፤ ልጁን አስሮ፣ ባቡሩን አልጨርስ አለ።

ሥራውን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ልናገረው እችላለሁ። ዋንዛውን ከሰነጠቁና ከላጉ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ያብሱታል፤ እንጨቱ ይቆጣና ጸጉሩ ይቆማል። ሲደርቅ ያንን ጸጉር ይፍቁታል። የብርጭቆ ወረቀት ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም ነበር፤ በምትኩ የእናቴ ወንድም አጎቴ ሶርሳ ከደጋው የሚያመጣው ሻካራ ቅጠል ነበር፤ እንደ ድመት ምላስ ነው። ከዚያ ስንጥቁና ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፣ እንደገና ይፋቃል። የፉርጎው ጣሪያ አቡጀዲ ይለጠፍበታል፤ እውነተኛውም እንደዚያ ነው፣ ዝናብ እንዳያስገባ። ጎማዎቹ ከወይራ ቅርንጫፍ የተቆረጡ ናቸው። ቀለሙ አንድ እጅ ግራጫ፣ አንድ እጅ ቀይ፣ እየተፈራረቀ ይቀባል። ሁሉም ቀይ ከሆነ የቱን እንደቀባህና የቱን እንደረሳህ አታውቅም ይላል አባቴ።

የእኔ ሥራ መድረቁን ማረጋገጥ ነበር። አባቴ ነው ያስተማረኝ። በመጀመሪያ ያሸቱታል። ሽታው ካልቀረ አልደረቀም። ቀጥሎ የእጅን ጀርባ ያስጠጉበታል፤ ከያዘ አልደረቀም። በመጨረሻ አውራ ጣትን ጫን ማድረግ ነው፣ እሱም ከሥር፣ ጎማዎቹ መሀል፣ ማንም በማያየው ቦታ።

«ጎኑን የነካ ቀቢ ድሬዳዋ የሦስት ቀን ደሞዝ ይቀጣል» አለኝ። «አንቺ ደሞዝ ስለሌለሽ አትንኪ።»

ስም አወጣልኝ። ኮንትሮለር። ጓድ ንጉሤ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ «አላለቀም እንዴ?» ሲል፣ አባቴ ወደ እኔ ያመለክት ነበር።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ኮንትሮለሯ ደርቋል ካላለች አልነካም።»

ጓድ ንጉሤ ይስቃል። «እህስ፣ ትንሿ ጓድ?»

እኔም አሸትታለሁ፣ እጄን አስጠጋለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ከሥር እነካለሁ። «አልደረቀም» እላለሁ። እውነትም አልደረቀም፤ አባቴ ሁልጊዜ ጓድ ንጉሤ ሊመጣ ሲል ነበር የሚቀባው። ይህንን እንደ መጥፎ ዕድል ነበር የማየው። ሰውየው በመጣ ቁጥር እርጥብ ይሆንብናል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴና ተገኝ 1970 የተጻፈበትን ፉርጎ መሀል አድርገው እየፋቁ ነው። ያንን ፉርጎ ራሴ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ ደርቋል ብዬዋለሁ። እንደ መስታወት ያበራ ነበር። አሁን ቀዩ ተገፎ መሬቱ ላይ እንደ በርበሬ ተበትኗል።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ አልቆ ነበር!»

«አረፋ ነበረበት።»

«የት?»

«አንቺ ያላየሽው ቦታ።»

ተገኝ ቀና አላለም። ቅጠሉን ይዞ ይፍቃል፤ ጣቶቹ ጫፍ ጫፋቸው ተልጦ ነበር። ያን ቀን አባቴ ሙያው ጠፍቶበታል የሚል ሐሳብ ገባኝ። ድሬዳዋ ያባረሩትም ለዚህ ይሆናል አልኩ። ማንም እንዳላባረረው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከተማውም እንደ እኔ የሚያስብ ይመስለኝ ነበር። ሐቢብ ከወፍጮው ጎን ሱቅ ነበረው፤ ቀለም የሚሸጠው እሱ ብቻ ነው። አባቴ ይዞኝ ሲሄድ ሐቢብ ሱቁ የሞላውን ሰው አየት አድርጎ ይጀምራል።

«ጋሽ ደምሰው፣ ደግሞ ቀይ? ይኼ ባቡር ቀለም ነው እንዴ የሚጠጣው?»

«ይጠጣል።»

«የጅቡቲውን እንኳ ፈረንጆቹ እንዲህ አላጓተቱትም!»

ሰው ይስቃል። «ቀይ አልቋል» ይላል ሐቢብ ጮክ ብሎ፣ «ከሶዶ እስኪመጣ ጠብቅ። ሁለት ሳምንትም ይፈጅ፣ ሦስትም።» አባቴ «ምን ይደረግ» ይላል። ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። አባቴ መንገድ ላይ ያፏጫል። እኔ በኀፍረት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ እሄዳለሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ ሐቢብ ሞቶ ባለቤቱ ፋጢማ ሱቁን ስታስቀባ፣ እኔም ቀቢ ሆኜ ነበርና ጠራችኝ። ከመደርደሪያው በታች ሦስት ጣሳ ቀይ ቀለም አገኘሁ፤ ውስጡ ድንጋይ ሆኗል። «ያኔ ለአባትሽ አልቋል ያለው ነው» አለችኝ። «ንጉሤ ሊጠይቅ ሲመጣ ‘ለሰውየው ቀለም አጣሁለት’ ይለው ነበር። አታውቂም ነበር እንዴ?» አላውቅም ነበር። ከተማው ያውቅ ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ የዚያ ቤት ልጅ ስለሆንኩ ማንም አልነገረኝም።

አጎቴ ሶርሳ ግንቦት መጨረሻ ላይ ዋንዛና ቅጠል አጋሰስ ላይ ጭኖ መጣ። እኔ ቅጠሉን በትልቅና በትንሽ እለይ ነበር፤ እነሱ በሩ ላይ ቆመው ያወራሉ።

«የተገኝ አባት፣ ልጁን ስጠኝ» አለ ሶርሳ። «እንሰቴ ውስጥ ከገባ እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኘውም።»

«ወረቀት አለኝ።»

«ወረቀትን ላም ትበላዋለች።»

«ማኅተም ያለው ነው።»

«ላም ማኅተሙን አትተፋም።»

እናቴ ከጓሮ መጣች። «ወንድሜ ያለው ይሁን» አለች። «ምልመላው እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። መኪናው አንዴ ከሄደ እስከሚቀጥለው ዙር ማን ያውቃል። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ሸሽቶ ከተያዘ ወረቀቱ አያድነውም» አለ አባቴ። «እዚህ እያዩት ቢቀመጥ ይሻላል። አራት ሳምንት ነው የቀረው። አራት ሳምንት ማስደረቅ አያቅተኝም።»

ሶርሳ ወደ ተገኝ ዞረ። «አንተ ምን ትላለህ?»

«አባዬ ካለ» አለ ተገኝ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አጎቴም ተገኝን ሊያሠራው መፈለጉን ነው። አባቴ ፉርጎ ያስፍቀዋል፣ አጎቴ እንሰት ሊያስፍቀው ነው። ለዚህ ልጅ የሚያዝንለት ከእኔ በቀር እንደሌለ ወሰንኩ።

ነገሩ የሆነው ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ከሰዓት በፊት ዘንቦ አባርቷል። ከአውሮፕላን ሜዳው በኩል የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። አባቴ ራሱን ቀና አድርጎ አዳመጠ፤ ከዚያ ብሩሹን አንሥቶ ጣሳው ውስጥ ነከረና 1976 የሚለውን ፉርጎ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ቀይ ለቀለቀው። ደርቆ፣ ዓመቱ በቢጫ ተጽፎበት፣ የተቀመጠውን። ቁጥሩ ከቀዩ ሥር ጠፋ።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ተገኝ አየኝ። «ዝም በይ» አላለኝም። ሁሉም ዝም እንደምል እርግጠኛ ነበሩ፤ ጓድ ንጉሤ ፊት ስድስት ወር ሙሉ ያልኩት «አልደረቀም» ብቻ ነበራ።

ጓድ ንጉሤ ብቻውን አልነበረም። ከአርባ ምንጭ የመጣ አንድ ባለመነጽር ሰው አብሮት አለ፤ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ድንጋይ እየመረጠ ነው የገባው። ፉርጎዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ አየ። ጎማ አሽከረከረ። ደስ አለው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«ይኼ እኮ አልቋል፣ ጓድ ንጉሤ። ምንድነው የምትጠብቁት?»

«አሥረኛው አልደረቀም» አለ አባቴ። «ዓመቱ ይጻፍበታል፣ ከዚያ ሁሉም ቫርኒሽ ይቀራቸዋል። አሥር ቀን ነው፣ ጓድ።»

«ቅዳሜ መኪና አለ። ከዚያ ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣ እንጃ። ኤግዚቢሽኑ መኪና አይጠብቅም።»

«ያልደረቀ ቀለም መንገድ ላይ አቧራ ይጠጣል። ወይጦ ሳይደርስ ግራጫ ይሆናል።»

ባለመነጽሩ ሰው አባቴን አየ፣ ተገኝን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ቀርቦ አነበበ። ሁለት ጊዜ ይመስለኛል ያነበበው። ጓድ ንጉሤ ዝምታ አይወድም ነበር፤ ሊያስቅ ብሎ ነው፣ አሁንም ለሌላ አላስበውም።

«እዚህ ቤት ወሳኟ እሷ ናት» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «ኮንትሮለር ናት። ደርቋል ካላለች አባትየው አይነካም።»

«እንዲህ ነው?» ባለመነጽሩ ሰው ጎንበስ አለልኝ። «ስምሽ ማን ነው?»

«ዘሪቱ።»

«ዘሪቱ፣ ደርቋል ወይስ አልደረቀም?»

ወደ ፉርጎው ሄድኩ። አላሸተትኩም። እጄን አላስጠጋሁም። ከሥር አልነካሁም። ሁሉም እንዲያየኝ አውራ ጣቴን ጎኑ ላይ፣ መሀሉ ላይ፣ ጫን አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ለስላሳም። ጣቴን ሳነሣ ትንሽ ያዘኝ። መዳፌን ጨብጬ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«ደርቋል» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ተገኝ እንዲፈታ ነው። ዶላሞ እንዲያፍር ነው። አባቴ ሙያ እንዳለው ባለመነጽሩ ሰው እንዲያውቅ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። ደግሞም ያ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ስሜን ስለጠየቀኝ ነው።

ማንም አልተቆጣኝም። አባቴ ብሩሹን በነጭ ጋዝ ማጠብ ጀመረ። ተገኝ በእጁ የያዘውን ሻካራ ቅጠል ሁለት ቦታ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሥራ የጨረሰ ሰው እንደሚያደርገው። ጓድ ንጉሤ የሚጽፈውን እስክሪብቶ ሲፈልግ ሁለቱን መሬት ጣላቸው። ባለመነጽሩ ሰው ወረቀቱን ከግድግዳው አላወረደም። «እንግዲህ ሥራው ተጠናቋል» ብቻ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አውሮፕላን ሜዳው ዳር የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። አባቴ ፉርጎዎቹን በደረቅ የእንሰት ቅጠል እየጠቀለለ ሳጥን ውስጥ ደረደረ። አሥረኛው ጋ ሲደርስ አነሣው። ወደ ብርሃኑ አዞረው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ መልሶ አስቀመጠውና ሳጥኑን በዘጠኝ ፉርጎ ዘጋው።

«ያስ?» አልኩ።

«አልደረቀም» አለ። ድምፁ እንደ ሌላው ቀን ነበር።

ለአሥረኛው ዓመት በዓል ዘጠኝ ፉርጎ ሄደ። ሳጥኑን ከፍቶ የቆጠረ የለም።

መኪናው ላይ አርባ የሚሆኑ ጎረምሶች ነበሩ። ከካኮ የመጡ ነበሩ፣ ከከተማው ነበሩ፣ የማላውቃቸውም ነበሩ። አንድ ባቡር ለመሸኘት ይህን ያህል ሰው መላኩ አባቴን ማክበር ነው አልኩ። ሳጥኑ ተገኝ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። ከሁሉም መሀል ዕቃ በአደራ የተሰጠው እሱ ብቻ ነበር፤ ኮራሁ። ዙሪያውን ሴቶች ያለቅሳሉ። ሴቶች መኪና ሲነሣ ያለቅሳሉ። ጓድ ንጉሤ ስም ይጠራል፣ እነሱ «አቤት» ይላሉ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለነው። እናቴ የመኪናውን ስፖንዳ ይዛ ተገኝን በአሪኛ የሆነ ነገር ትለዋለች፤ አልወለደችውም፣ ግን ቋንቋዋን ያስተማረችው እሱን ነው፣ ለእኔ ሲሆን ሰነፈች።

«ባቡር ታያለህ?» ብዬ ጮህኩለት።

«አያለሁ» አለ ተገኝ። «በድሬዳዋ ካለፍን።»

በድሬዳዋ አላለፉም። የሄዱበት አገር በዚያን ጊዜ ባቡር አልነበረውም። ካርታ ገዝቼ አይቻለሁ።

ሞተሩ ሲነሣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ኮንትሮለር፣ ደህና ሁኚ» አለኝ። በፌዝ አልነበረም፤ ወይም እንደዚያ እንዲሆን ስለምፈልግ ነው። መኪናው ዞረ። ሜዳው ላይ የነበሩት ላሞች ቀና ብለው አዩና ግጦሻቸውን ቀጠሉ።

ሰኞ ከእናቴ ጋር ነሪ ወንዝ ልብስ ልናጥብ ወረድን። የትምህርት ቤት ልብሴን ገልብጣ ስታሽ ጫፉ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ አንድ ቀይ ነገር አገኘች። ሳሙና መታችው። አልለቀቀም።

«ይኼ ምንድነው?»

«ቀለም።»

«መቼ ነካሽ?»

«ሐሙስ።»

«ደርቋል ያልሽ ቀን?»

«አዎ።»

እናቴ እጇ ቆመ። ውሃው በልብሱ መሀል ያልፋል። ትዘምራለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ወይም ትመታኛለች ብዬ። ልብሱን ጨመቀችው፣ አራገፈችው፣ ድንጋይ ላይ አሰጣችው። ቀጥላ የአባቴን ሸሚዝ አነሣች። የተገኝ አንድ ሱሪም ነበር። እሱንም አጠበችው፣ ያለ ችኮላ፣ ኪሱን ገልብጣ።

መስከረም ላይ ባቡሩ ሦስተኛ መውጣቱን ጓድ ንጉሤ መጥቶ ነገረን። ወረቀት ሰጠን። አባቴ አመሰገነ። ዘጠኙ ፉርጎ ተመልሶ አልመጣም፤ ማንም አልጠየቀም። አባቴ ወደ በርና መስኮት፣ ወደ ሬሳ ሳጥን ተመለሰ። ቀይ ቀለም ለማንም አልቀባም፤ ቀይ የፈለገ ደንበኛ ሲመጣ «ከሶዶ አልመጣም» ይላል።

ከተገኝ አንድ ደብዳቤ ነው የመጣው። ስድስት መስመር። ሰላምታ ነበር፣ ብርድ ነው ይል ነበር፣ ቦታው አልተጻፈም። የመጨረሻው መስመር የእኔ ነው፦ «ዘሪቱ ትምህርቷን ትበርታ። አሥረኛው ፉርጎ ደረቀ?»

መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከቤቱ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ የእኔ ነበር። ሁሉንም ከጻፍኩ በኋላ አባቴን ስለ ፉርጎው ምን ልበል አልኩት። ጥርብ እየለካ ነበር።

«ገና ነው በይው» አለ።

ገና ነው ብዬ ጻፍኩ። ለዚያኛው መልስ አልመጣም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ወታደሮቹ በእግራቸው እየመጡ ነበር። አባቴ ሥራ አቁሞ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ይቀመጣል። በዚያ መኪና ከሄዱት መሀል አራት ሰዎች ተመለሱ። አንደኛው የሥጋ ቤቱ አበራ ነው፤ እጁ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶታል። ተገኝን ከረን አካባቢ አንድ ጊዜ አይቶት እንደነበር ነገረን፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም አለ። አባቴ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወንበር አቀረበለት። በዓመቱ አባቴ ሞተ። የሬሳ ሳጥኑን እኔ ሠራሁት፣ ቀለሙንም ቀባሁት። ሰባት እጅ ለመቀባት ጊዜ አልነበረም።

«በሚቀጥለው ዙር ይወስዱት ነበር» የሚሉኝ አሉ። ሐና ጎረቤቴ ሁልጊዜ ትለኛለች፣ እኔን ለማጽናናት ነው። ሊሆን ይችላል። አጎቴ ሶርሳ ግን እስኪሞት ድረስ ይህንን ብሎኝ አያውቅም። መኪናው ቅዳሜ ሄደ፣ እስከ ጥቅምት ሌላ አልመጣም፣ ሶርሳ ያኔ ልጁን ደጋ ለመውሰድ በቅሎ አዘጋጅቶ ነበር። ይህንንም የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

የአባቴን መሥሪያ ቤት እኔ ያዝኩት። የባጃጅ ቀለም እቀባለሁ፣ ለቱርሚ ሆቴሎች ማስታወቂያ እጽፋለሁ። አሥረኛው ፉርጎ አባቴ ባስቀመጠው መደርደሪያ ላይ ነው። አባቴ ዓመቱን መልሶ አልጻፈበትም፤ የትኛው ዓመት መሆኑን የማያውቅ ሰው ምንም አያነብበትም። አንድ ጥጉ ተልጦ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ተገልጧል፦ ግራጫ፣ ቀይ፣ ግራጫ፣ ቀይ። አንድ ቀን ሥራ ሲጠፋ በመርፌ ጫፍ ቆጠርኩት። አሥራ ዘጠኝ እጅ ነው። ጎኑ ላይ፣ መሀሉ ላይ፣ የትንሽ ልጅ አውራ ጣት አለ፤ መስመሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። አባቴ በላዩ ላይ ቀብቶ ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ብሩሽ አላስነካውም። ስለ እሱም አንድ ቃል አልተናገረኝም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቱሪስት የሚያመላልስ ሾፌር የመኪናውን በር ሊያስቀባ መጣ። ሲጠብቅ ፉርጎውን አየው።

«እማማ፣ ይኼ ነገር ይሸጣል? ፈረንጆቼ ይወዱታል።»

ጣቱን ወደ ጎኑ ዘረጋ። እጁን ያዝኩት።

«አትንካ» አልኩት። «ገና አልደረቀም።»